ረግረግ ውስጥ ለመሮጥ፦ ጣውላው፣ የድሮው ሐዲድ፣ የቦይ ዳሩ ወይስ ለስላሳው መንገድ?

ሜዳማ ቦታ ላይ ያለ ረግረጋማ ጥብቅ ሥፍራ ካርታው ላይ ሲታይ ለሯጭ የተሠራ ይመስላል። ዳገት የለም። መኪና የለም። ሰማዩ ሰፊ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ሦስት አራት መስመር በየቀለሙ አስምሮ ርዝመታቸውን ይነግራችኋል፤ ቀዩ ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ሰማያዊው ያን ያህል። አብዛኛው ሰው ያንን ቁጥር አይቶ ይመርጣል። እኔ ግን ረግረግ ውስጥ መንገድ መመረጥ ያለበት ከእግር ሥር ባለው ነገር ነው እላለሁ። ጣውላ ላይ የተሮጠ አምስት ኪሎ ሜትርና ለስላሳ መሬት ላይ የተሮጠ አምስት ኪሎ ሜትር ጨርሶ አይገናኙም።

ለምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። እዚህ የማወራው ቀስ በቀስ ከዙሪያው መሬት ከፍ ብሎ ስላደገ፣ ውሃውን ከዝናብ ብቻ ስለሚያገኝ ረግረግ ነው። ወንዝም ምንጭም አይመግበውም። ውሃው አሲዳማ ነው፣ ከሥር ደግሞ ኦክስጅን የለም፤ ስለዚህ የሞተ ተክል በደንብ ሳይበሰብስ በላይ በላዩ ይጠራቀማል። ይሄ ጥቁር ክምችት ፒት ይባላል። በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ሜትር ፒት ማለት አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ካልተነካ ፒት ውስጥ ደግሞ ከመቶ ዘጠናው እጅ ውሃ ነው። ላዩን የሚሸፍነው ስፋግነም የሚባል ትንሽ ለስላሳ ተክል ከደረቅ ክብደቱ እስከ ሃያ እጥፍ የሚደርስ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። እናንተ እንግዲህ የምትሮጡት በዚህ ላይ ነው።

ይሄ ጉልበት ላይ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ በቁጥር ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለወታደሮች የእግር ጉዞ ተብሎ በወጣ የጉልበት ስሌት አስፋልት 1 ቢባል የአፈር መንገድ 1.1፣ ረግረግ 1.8፣ ልቅ አሸዋ ደግሞ 2.1 ይይዛል። የተለካው ዕቃ ተሸክሞ ሲራመዱ ነው እንጂ ሲሮጡ አይደለም፤ ቢሆንም አቅጣጫውን በደንብ ያሳያል። ሜዳ ነው ብሎ የተለመደ ፔሱን፣ ማለትም የሩጫ ፍጥነቱን፣ ለመያዝ የሚታገል ሰው ረግረግ ላይ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ሰዓታችሁን ተዉት፣ በትንፋሻችሁ ሩጡ።

የጣውላው መንገድ

ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሳው ይሄን ነው። ላትቪያ ውስጥ በኬሜሪ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ትልቁ ረግረግ ሁለት የጣውላ ዙር አለው፤ አጭሩ 1.4፣ ረጅሙ 3.4 ኪሎ ሜትር ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 በተቋቋመው የላሄማ ብሔራዊ ፓርክ ያለው የቪሩ ረግረግም በጣውላ ነው የሚታለፈው፤ መንገዱ ላይ መመልከቻ ማማ አለ። ድንክ የፓይን ዛፎች፣ ጥቁር ኩሬዎች፣ ቀይና አረንጓዴ የስፋግነም ምንጣፍ። ውበቱ ላይ ክርክር የለኝም። እግር ሳይረጥብ ረግረግን ከመሃሉ በደንብ የሚያሳያችሁ መንገድ ይሄ ነው።

ለመሮጥ ግን ጣውላ ጣጣ አለው። አንደኛው ስፋቱ ነው። ብዙ ቦታ መንገዱ ሁለት ሦስት ሳንቃ ጎን ለጎን ተደርድሮ የተሠራ ነው። ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይተላለፍበታል፣ አንዱ እየሮጠ ሌላው እየተራመደ ግን አስቸጋሪ ነው። ከፊታችሁ ልጅ የያዘ ቤተሰብ ካለ መቆም አለባችሁ። ከጣውላው ወርዶ በጎን አልፎ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ክልክል ነው፣ ደግሞም እስከ ጉልበት ሊያሰምጣችሁ ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ረፋድ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ሄዶ ለመሮጥ መሞከር ለሯጩም ለተመልካቹም መበሳጨት ብቻ ነው።

ሁለተኛው እርጥበቱ ነው። እርጥብ እንጨት እንደሚያዳልጥ ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን መንገዱ በሙሉ እኩል እንደማያዳልጥ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ያለው ሳንቃ ፀሐይና ነፋስ ስለማያገኘው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ያወጣል፤ ዝናቡ ካባራ ከብዙ ሰዓት በኋላም አያስተማምንም። ገላጣው ላይ የወጣው ክፍል ግን ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ አደጋው የሚበዛው መግቢያውና መውጫው ላይ፣ ጫካው ጠርዝ ጋ ነው። ሰው ደግሞ ገና ሲጀምር በጉጉት፣ ሲጨርስ በድካም የሚሮጠው እዚያው ላይ ነው።

ጎንበስ ብላችሁ አንዱን ሳንቃ እዩት። መሃሉ በሰው እግር ተፍቆ ግራጫና ሻካራ ሆኗል። ዳርና ዳሩ ግን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፣ በጣት ሲነካ ልስልስ ይላል። እግራችሁን መሃሉ ላይ ብቻ አሳርፉ። ከመጀመራችሁ በፊት የመጀመሪያው ሳንቃ ላይ ቆማችሁ ጫማችሁን ጫን አድርጋችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ከተንሸራተተ የዛሬው ፕሮግራም የእግር ጉዞ ነው። ውርጭ ካለ ደግሞ ሙከራም አያስፈልግም፣ ጣውላውን ለሌላ ቀን ተዉት።

አንዳንድ ቦታ እንዳያዳልጥ የሽቦ መረብ ይቸነከርበታል፤ በጣም ይረዳል። ሲያረጅ ግን ጫፉ ተነስቶ የጫማ አፍንጫ ይይዛል፤ እግሩን እየጎተተ የሚሮጥ ሰው ይጠንቀቅ። ጫማን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው፦ ጥርሱ ረጃጅም የሆነ የትሬል (የጫካና የገጠር መንገድ ሩጫ) ጫማ እዚህ አያግዝም። ያ ጥርስ የሚቆነጥጠው ጭቃ ነው። እንጨት ላይ ግን ጫማው መሬቱን የሚነካበትን ስፋት ይቀንስበታል። ሶሉ ለስለስ ያለ ጎማ የሆነ፣ ጥርሱም አጫጭር የሆነ ጫማ ይሻላል።

መታጠፊያዎቹንም አስቡበት። የጣውላ መንገድ እንደ ልብ ዞር አይልም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ድንገት ይታጠፋል። እርጥብ ሳንቃ ላይ በፍጥነት መታጠፍ የቁርጭምጭሚት ጠላት ነው። ሳንቃው ከሥሩ ባሉት ድጋፎች መካከል ይወርዳል፣ ይነጥራል፤ አንዱ ይነጥርና ቀጣዩ ድርቅ ይላል፣ ሪትማችሁን ያዛባዋል።

ሰው ረግረግን በእንጨት መሻገር የጀመረው ዛሬ አይደለም። አየርላንድ፣ ሎንግፎርድ ካውንቲ ውስጥ ኮርሊያ በሚባል ረግረግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ148 ዓመት ገደማ በኦክ እንጨት የተሠራ መንገድ ተገኝቷል፤ 18 ሜትር ያህሉ ዛሬም በጎብኚዎች አዳራሽ ውስጥ ይታያል። እንጨቱ ከባድ ስለነበር መንገዱ ብዙ ሳይቆይ ሰመጠ፤ ፒቱ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሳይበሰብስ አቆየው። የዛሬዎቹም ጣውላዎች ቢሆኑ ቀስ እያሉ መስመጣቸው አይቀርም። አንድ ጎኑ ዘንበል ያለ ሳንቃ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው፣ እዚያ ላይ ቀስ በሉ።

በአጠቃላይ ጣውላ የኢዚ፣ ማለትም ቀለል ያለ ሩጫ ቀን መንገድ ነው፤ ያውም ደረቅ ሲሆንና ሰው ሳይበዛበት። ኢንተርቫል፣ ፋርትሌክ፣ ማንኛውም የፍጥነት ነገር እዚህ ቦታ የለውም።

የድሮው ሐዲድ መስመር

የምትመጡት ለልምምድ ከሆነ እኔ ያለ ማንገራገር ይሄን እመርጣለሁ። በብዙ ረግረጎች ዳር ወይም መሃል ድሮ ባቡር አልፏል። አንዳንዱ መንገደኛ ያመላልስ ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ ተቆርጦ የሚወጣውን ፒት የሚጭን ትንሽ ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ተነቅሏል፣ ከሥሩ የተደለደለው ድንጋይና አፈር ግን ቀርቷል። ሯጭ የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ አይተኛበትም፣ ሰፊ ነው፣ እግር በእርግጠኝነት ያርፍበታል።

ለዚህ ንጽጽር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዌልስ ውስጥ ትሬጋሮን አጠገብ ያለው ኮርስ ካሮን ነው። በአንድ ወንዝ ዙሪያ ሦስት ረግረጎች ያሉበት ጥብቅ ሥፍራ ነው። የጣውላ መንገድም አለው፣ በዳር የሚሄድ የድሮ ሐዲድ መንገድም አለው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት የሞከረ ሰው የምለውን ወዲያው ይረዳል። ጣውላው ላይ ዓይን ከእግር ላይ አይነሳም። ሐዲዱ ላይ ግን ቀና ብላችሁ ነው የምትሮጡት፤ ትከሻ ይለቃል፣ ትንፋሽ ይስተካከላል። እንዲያውም ረግረጉን ከሩቅም ቢሆን የበለጠ የምታዩት እየሮጣችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ማየት ትችላላችሁ።

ችግሩ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ከሩቅ የሚታይ መንገድ አእምሮን ያሰለቻል። ለዚህ መድኃኒቱ ሩጫውን መከፋፈል ነው፦ ሦስት ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ። መንገዱ ስለማይታጠፍና ስለማይወጣ ስለማይወርድ ለእንዲህ ዓይነት ልምምድ ከስታዲየም ትራክ ቀጥሎ የሚሻል ብዙ አይገኝም። ስትመለሱ ቁጥሩን ካለፈው ሳምንት ጋር ብታወዳድሩትም ትርጉም ይሰጣል፤ ጣውላውም ለስላሳውም መንገድ ይሄን አይሰጡም።

ሌላው ነፋሱ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ መጠለያ የለውም። ስትነሱ ነፋሱን ፊት ለፊት ያዙት፣ ላብ በላብ ሆናችሁ ስትመለሱ ከኋላ ይግፋችሁ። በተቃራኒው ያደረገ ሰው የመመለሻው ግማሽ ላይ ብርዱ ይጫወትበታል።

መንገዱ ጠንካራ ነው ስል ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ረግረጉን አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ ከሥሩ ያለው ፒት በተለያየ መጠን ስለሚሰምጥ ላዩ ረጋ ያለ ማዕበል ይሠራል። ዓይን አያየውም፣ ባት ግን ይሰማዋል። አንዳንድ ቦታም የቀድሞው ድንጋይ ሳይሸፈን ቀርቶ ሸካራ ኮሮኮንች ይሆናል። ኮሮኮንች የለመደ እግር አይቸገርም፤ ያልለመደ ግን ሣር የበቀለበትን መሃሉን ይያዝ።

የቦይ ዳሩ

የጀልባ ቦይ በሁሉም ቦታ የለም፣ ካለ ግን ሌላ ጠፍጣፋ አማራጭ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር ላይ ያሉት የፌንስ፣ የዊክሶልና የቤቲስፊልድ ረግረጎች ዳር የላንጎለን ቦይ ያልፋል። ቦዩ የተሠራው ፒት ላይ ስለነበረ ዳርቻው እየሰመጠ ያስቸግር ነበር፤ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ሠራተኞች ለረጅም ዘመን አፈር እየጨመሩ ከፍ ሲያደርጉት ኖረዋል። ዛሬ እናንተ የምትሮጡት በእነሱ ድካም ላይ ነው።

የቦይ ዳር ለረጅም ሩጫ ይመቻል፤ ከጥብቅ ሥፍራው ወሰን አልፎ ስለሚቀጥል የፈለጋችሁትን ያህል ማርዘም ትችላላችሁ። ብስክሌተኛ አለ፣ ዓሣ አጥማጅ ዘንጉን መንገዱ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ የቆመ ጀልባ ገመድም ሊኖር ይችላል። ከኋላ ስትመጡ ቀደም ብላችሁ ድምፅ አሰሙ። ረግረጉን ለማየት ግን አይሆንም፤ ዳር ዳሩን እንጂ ውስጡን አታዩትም።

ለስላሳው መንገድ

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። በፒት ላይ በቀጥታ የሚሄድ፣ በምልክት ዘንግ ብቻ የሚታወቅ ቀጭን መንገድ አለ። እርምጃው ልዩ ነው፤ መሬቱ ይቀበላችኋል፣ ድምፅ የለውም። ጠንከር ብላችሁ ብትረግጡ ከአጠገባችሁ ያለው ቁጥቋጦ ሲነቃነቅ ታያላችሁ። ልምድ ያለው የትሬል ሯጭ ይሄን ይወድደዋል፣ እኔም ደረቅ ወቅት ላይ እወደዋለሁ። ለጀማሪ ግን አልመክርም።

ምክንያቱ መስመጥ ብቻ አይደለም። ለስላሳ መሬት የገፋችሁትን ጉልበት ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። በዚህ ላይ ተረከዝ ዝቅ ስለሚል የባትና የተረከዝ ጅማት ከወትሮው በላይ ይሳባል። በእነዚህ ቦታዎች ላይ የቆየ ሕመም ያለው ሰው ይሄን መንገድ ይዝለለው። የሚሮጥበት ደግሞ እርምጃውን ያሳጥር፣ ቶሎ ቶሎ ያንሳ፣ ሩጫውንም በርቀት ሳይሆን በደቂቃ ይለካው። ጥርሱ ረዘም ያለው ጫማ ቦታው እዚህ ነው፤ ማሰሪያውንም ጠበቅ አድርጉት፣ ጭቃው ጫማ መንጠቅ ያውቅበታል።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉ የምፈልገው ስለ ካርታ ነው። ብዙ ረግረጎች ለዘመናት የውሃ ማፍሰሻ ቦይ ተቆፍሮባቸው ውሃቸው ሲፈስስና ፒታቸው ሲቆረጥ ቆይተዋል፤ አሁን ደግሞ እንዲያገግሙ ማፍሰሻ ቦዮቹ እየተደፈኑ ነው። ከላይ በጠቀስኳቸው የዊክሶል አካባቢ ረግረጎች ለንግድ የሚደረገው ቆረጣ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃውን የመመለስ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ለረግረጉ ትልቅ የምሥራች ነው። ለሯጭ ግን አንድ ትርጉም አለው፦ በአሮጌ ካርታ ላይ መንገድ የነበረ ዛሬ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ስልካችሁ ላይ ያለው የሩጫ መተግበሪያም ቢሆን ከዓመታት በፊት ሰው የሮጠበትን መስመር ሊያሳያችሁ ይችላል። መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ እመኑ፣ እሱም ካረጀ የጥብቅ ሥፍራውን ጠባቂዎች ጠይቁ።

ሌላም አለ። ውሃ ለማቆር ተብሎ ከፒት የተሠሩ ዝቅተኛ ግድቦች በረግረጉ ላይ ይዘረጋሉ። ከላይ ሲታዩ ቀጥ ያሉ፣ ሣር የለበሱ፣ ከውሃው ከፍ ያሉ ናቸውና መንገድ ይመስላሉ። መንገድ አይደሉም። በሰው እግር ከተረገጡ ይደረመሳሉ፣ ያቆሩትም ውሃ ይሄዳል። በጎናቸው ያለው ውሃም ጥልቅ ሊሆን ይችላል። የምልክት ዘንግ ከሌለበት አትግቡ።

መሬቱን በቀለሙ ማንበብ ልመዱ። ቡናማ ግንዱ እንጨት የሆነ ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ያለበት ደረቅ ያለ ነው። ደማቅ አረንጓዴና ለጥ ያለ፣ ምንም ቁጥቋጦ የሌለበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ስፋግነም ነው። ይሄ እውቀት ከመንገድ ለመውጣት ፈቃድ አይሆንም፤ መንገዱ ላይ እያላችሁ ቀጣዩን እርምጃ ለመምረጥ ነው የሚጠቅማችሁ። አንድ እግር ከሰመጠ በሌላው እግር ወደፊት አትግፉ። ወደ መጣችሁበት ዘንበል በሉ፣ ቁጭ ማለትም ካስፈለገ ቁጭ በሉ፣ እግሩን ቀስ አድርጋችሁ እያወዛወዛችሁ አውጡት። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ይሄን መንገድ ባይመርጥ ደስ ይለኛል።

በጫካው ዙሪያ

ብዙ ጥብቅ ሥፍራዎች ረግረጉን በሩቁ የሚዞር የጫካ መንገድ አላቸው። ፒት ላይ ሳይሆን ጤነኛ አፈር ላይ ስለሆነ አያሰምጥም፣ ነፋስም አያገኛችሁም። ጭቃው ግን አለ፤ ከረግረጉ የሚወጣው ውሃ የሚጠራቀመው በጠርዙ ላይ ነውና ጫካው ከረግረጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ እግር ይረጥባል። የዛፍ ሥርም ተጠንቀቁ። ነፋሻ ቀን ላይ ከሐዲዱ ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ።

ወቅቱ ምርጫውን ይቀይረዋል

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ወቅት ሊገለብጠው ይችላል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ብዙ የረግረግ ወፎች መሬት ላይ ጎጆ ይሠራሉ። እንቁላሉ ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል፣ ረግጣችሁት አታውቁትም። እናቲቱ ደግሞ ሰው ሲቀርብ ትነሳለች፤ በተደጋጋሚ ከተነሳች እንቁላሉ ይበርዳል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ለስላሳው መንገድ ከምርጫ ይውጣ፣ ባይዘጋ እንኳ። ውሻ ይዛችሁ የምትሮጡ ከሆነ በአጭር ገመድ ይሁን። ገመድ የማይለምድ ውሻ ካላችሁ የቦይ ዳሩ ላይ ሩጡ፣ ረግረጉን ተዉለት።

በፀደይ ጠዋት እፉኝት ሰውነቱን ለማሞቅ ጣውላ ላይና የሐዲዱ ዳር ላይ ይተኛል። በብዙ የአውሮፓ ረግረጎች የተለመደ ነው። ካልነኩት አይነካም፤ የእግራችሁ ንዝረት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያባርረዋል። ካልሄደ ቆማችሁ ጠብቁት፣ መንገዱ የእሱም ነው። መዥገር ግን ከእፉኝቱ የበለጠ ያሳስበኛል። ረጅም ሣር የሚነካካበት መንገድ ላይ ከሮጣችሁ ቤት ስትገቡ የጉልበታችሁን ጀርባ፣ ብሽሽታችሁን፣ የካልሲያችሁን ጠርዝ በደንብ ፈትሹ። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ቶሎ በተነቀለ ቁጥር አደጋው ይቀንሳል።

በጋው ሲደርቅ የእሳት ነገር ይመጣል። ፒት ከተቀጣጠለ ላዩ ጠፍቶ ከሥር ለሳምንታት ሊጨስ ይችላል። በዚህ ምክንያት መንገድ ከተዘጋ አትከራከሩ። ፒት ያለበት መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢሸፍንም ከዓለም ደኖች ሁሉ የበለጠ ካርቦን ይዟል። ያ ሁሉ በአንድ ሲጋራ ሊነካ የሚችል ነገር ነው።

በዝናብ ወቅት ምርጫው ቀላል ነው፦ ሐዲዱ ወይም የቦይ ዳሩ። መሬቱ በደንብ ሲቀዘቅዝና ሲጠጥር ለስላሳው መንገድ ለመሮጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን ውሃ ያለበት በረዶ ስስ ሊሆን ስለሚችል እኔ አላምነውም።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ገና ሩጫ የጀመራችሁ ከሆነ ሐዲዱ ላይ ሂዱና ተመለሱ። ለውድድር የምትዘጋጁም እንደዚያው፣ ምክንያታችሁ ይለያይ እንጂ መንገዱ አንድ ነው። ረጅም ሩጫ ለሚፈልግ የቦይ ዳሩ ይሻለዋል፤ የረግረግ መንገዶች ብዙ ጊዜ አጫጭር ናቸው፣ አንድ ዙር ላይ አምስት ጊዜ መመላለስ ደግሞ ለእናንተም አሰልቺ ነው፣ ለወፎቹም ረብሻ ነው። ልጅ በጋሪ የምትገፉ ከሆነ ጣውላው ሊመች ይችላል፣ አንዳንዱ ለተሽከርካሪ ወንበር ተብሎ ሰፋ አድርጎ የተሠራ ነው፤ ግን መተላለፊያ ስፋቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከጉዳት የምትመለሱ ከሆነ ለስላሳ መሬት ለመገጣጠሚያ ይሻላል የሚለውን ወሬ በጭፍን አትቀበሉት። ረግረግ ልስላሴው የተስተካከለ አይደለም፤ አንዱ እርምጃ ጠንካራ፣ ቀጣዩ ባዶ ነው፣ ያላገገመ ቁርጭምጭሚት ይሄን አይችለውም።

እኔ የምወደው አካሄድ ሁለቱን ማጣመር ነው። ሩጫውን ሐዲዱ ላይ ጨርሱ። ከዚያ ሰውነት እየቀዘቀዘ ሳለ ጣውላውን በእግር ግቡበት። ያኔ ነው ስፋግነሙ መሃል ያለችውን ድሮሴራ የምትባል ትንሽ ተክል የምታዩት፤ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ ቀይ ቅጠል፣ በእያንዳንዱ ፀጉሯ ጫፍ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታ ያላት፣ አንዳንዴም ትንኝ የተጣበቀባት። መሬቱ ምግብ ስለማይሰጣት ነፍሳት ትበላለች። እየሮጠ ይቺን ያየ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በየትኛውም መንገድ ላይ ያጋጥማችኋል። መንገዱ መሃል ውሃ ከተኛበት በጎን አትዙሩ። አንድ ሰው በጎን ሲዞር ሣሩ ይተኛል፣ ሁለተኛው ያንን ተከትሎ ሌላ ጭቃ ይሠራል፣ መንገዱ በዓመት ውስጥ እጥፍ ይሰፋል። ስፋግነም ላይ ያረፈ የእግር ዱካ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አይጠፋም። ጫማችሁ እንዲረጥብ ከፈቀዳችሁ ቀስ ብላችሁ በመሃሉ እለፉ፤ ሥሩ የማይታይ ከሆነ ወይም ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሆነ ዞራችሁ ተመለሱ።